ጭስ የሌለው ጎጆ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ ክረምት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሩን አትዝጉት፣ ከሰል እየነደደ ነው፤ ገርበብ ይበቃል።

አንዲት እናት ነበረች። ንብ የሚወድ አንድ ልጅ አላት፤ «ማርዬ» ነው የምትለው። ልጁ ከቤታቸው ትይዩ፣ ሰው የማይደርስበት ሸንተረር ላይ ጎጆ ሠራና «ከንቦቼ ጋር እዚያ እኖራለሁ» አለ። አባትየው ተቆጣ። «ከወጣህ እንዳትመለስ!» አለው። የአባት አፍ ነው እንጂ ከልቡ አልነበረም።

መቼም ጎጆ ያለ መብራትና ያለ ሙቀት አይሆን። መብራት ሠሪ ጓደኛ አለው፤ ሁለቱ በቅሎ ጫኑ። ሶላሩ፣ ባትሪው፣ ሲጨልም በራሱ የሚበራ አምፖል፣ የብረት ምድጃ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ቧንቧ ግን ለበቅሎዋ ረዘመባትና ግቢ ቀረ።

«ነገ በትከሻዬ አደርሰዋለሁ» አለ መብራት ሠሪው።

«ዛሬስ በምን ሊሞቅ ነው?» አለች እናት። የራሷን ማንደጃ ከነከሰሉ ሰጠች። «በሩን ጥርቅም አድርገህ ዝጋ ማርዬ፣ ብርድ እንዳይገባብህ።»

መብራት ሠሪው ሥራውን ጨርሶ አመሻሽ ላይ ብቻውን ወረደ። በማግስቱ ቧንቧውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ አባትየውም ሲጸጸት አድሮ ነበርና ልጁን ሊታረቅ አብሮት ወጣ።

ሁለቱ ተመለሱ። ቧንቧው አሁንም መብራት ሠሪው ትከሻ ላይ ነው።

«ምነው?»

«አልሆነም እማማ» አለ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ልጄስ?»

ባሏ ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። ጫማውን እየፈታ፣ «ከእንግዲህ አይወርድም» አላት።

«እንዲህ አኮረፈ? አይበርደውም?»

«አይበርደውም።»

ያን ምሽት ሸንተረሩ ላይ መብራት በራ። «አበራ ማርዬ!» አለች እናት፤ ደስም አላት፣ ሆድም ባሳት። ትወጣ ነበር፣ ጉልበት የላትም እንጂ። አንድ ቀን ኩርፊያው ይበርድለትና ይወርዳል ብላ ጠበቀች።

ክረምቱ ወጣ፣ ሌላው ገባ። ግቢ የቀረው ቧንቧ ላይ የዱባ ሐረግ ተጠመጠመበት። መብራት ሠሪው «የሶላሩን አቧራ ልጥረግ» እያለ ይመላለሳል። እሷም ለልጇ ካልሲ እየሠራች ትልካለች።

«እኔን ከጠየቅሽኝ እቴ፣ ሴት አስገብቷል!» አለች ጎረቤቷ አጥሩን ተደግፋ። «ወንድ ልጅን እናቱን የሚያስረሳው ሌላ ምን አለ?»

«ሴትማ ብትኖር ጭስ ይታይ ነበር» አለች እናት። ተሳሳቁ።

አንድ ቀን በእኩለ ቀን ጥቁር ደመና አገሩን አጨለመው። ሸንተረሩ ላይ መብራቱ ቦግ አለ።

«በቀን! ምን ያለው አባካኝ ነው!» አለች ጎረቤት።

«ልጄ አባካኝ አልነበረም» አለች እናት። ደመናው እስኪገፈፍ ቆማ አየች። ሲገፈፍ መብራቱ ጠፋ። ክሯን ሰብስባ ገባች።

ከዚያ ወዲህ እቤቷ ከሰል አልነደደም፤ ብርዱ ቢጠናም እንቢ አለች። ካልሲ ስትጀምር የመብራት ሠሪውን እግር ለካች። «ወጪ ወራጁ አንተ ነህ» አለችው። ሲመሽ ግን፣ ባሏ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አበራ ማርዬ!» ማለቷን አልተወችም።

በኋላ ታመመች። መብራት ሠሪውን አስጠራችው።

«ልጄ፣ እኔ ስሄድ ወጥተህ አጥፋው። በጣም ደክመሃል።»

እግሯ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

መብራት ሠሪው አገባ፣ ወለደ፤ ዛሬም የሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጭስ ማውጫውን ነው። አባትየው ወደ ጎጆው ወጥቶ ንቦቹን ሲጠብቅ ኖሮ እዚያው አረፈ። ጎረቤቷ ሐሜት እርም አለች።

እናትየዋንማ ያረፈች ዕለት በቃሬዛ ወደ ሸንተረሩ አወጧትና ከጎጆው ጀርባ፣ ሣር ከወረሰው የልጇ መቃብር ጎን ቀበሯት።