ከአይሲው ሥር

ከአንዳርጌ ጋር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ኤሌክትሮኒክስ እንጠግን ነበር። ጦርነቱ የቀረበ ሰሞን አንገቴ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ማተብ፣ ጫፏ እንዳይተረተር በመበየጃ ካውያ የለበለብኳትን፣ በጣቶቹ ያዘና «በዚች ማተብህ! ጥየህ ወደ መተማ አልሻገርም» ብሎ ማለልኝ። በነጋታው ወንበሩ ባዶ ነበር።

ሻይ የምትሸጠው ሐመልማል «አንዳርጌማ የት ገባ?» ስትለኝ፣ «ማተብ የለሽ ነው፤ ስሙን አታንሽብኝ» እላታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባሉ መምህር በልጅነታቸው የተገዛላቸውን፣ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ኮምፒውተር አመጡልኝ።

«ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ማንም ከፍቶት አያውቅም» አሉኝ።

ስከፍተው እውነታቸውን ነበር። አይሲ የምንለው የተቃጠለው ቺፕ እግሮቹ የተበየዱበት ሊድ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የሰው እጅ አልነካውም። እሳቸው ጎኔ ቆመው እያዩ እግሮቹን አንድ በአንድ በካውያ አሞቅሁ፤ የቀለጠውን ሊድ በመምጠጫ ሳብሁ። አዲሱን አይሲ ለመተካት አሮጌውን ቀስ አድርጌ ሳነሣው ከሥሩ የተጠቀለለ ሰማያዊ ክር ተኝቷል።

በወረንጦ አወጣሁት። አንዱ ጫፍ በካውያ ተለብልቧል። ሌላው ጫፍ ግን ገና አዲስ ነው፤ በመቀስ ተቆርጧል።

ኡስታዝ ክሩን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ቅድም ስገባ አንገትህ ላይ ያየሁት ክርስ የት ሄደ?» አሉኝ።