የመምህር ሲላስ ብሩሽ

ዲላ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የጋሽ ጉግሳ ጸጉር ቤት አንድ ደንብ አለው፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይነካም። ደንበኛ ሁሉ ምላጩንና ብሩሹን ስሙ በተጻፈበት ከረጢት አድርጎ እዚያው ያስቀምጣል። ጋሽ ጉግሳ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ኮርተው ኖረዋል። ስማቸውም እንጀራቸውም እሱ ነው።

ከከረጢቶቹ ሁሉ የሚሳሱለት የመምህር ሲላስን ነበር። ሲላስ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ እያለቀሰ የመጀመሪያ ጸጉሩን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ሆኖም ፊታቸው ቀና ብሎ አይናገርም። ብሩሹን ለሲላስ የሰጠው ይርጋጨፌ ቡና ሊያይ መጥቶ ሲላስ ያስተረጎመለት ፈረንጅ ነው። ባጀር ከሚባል የባሕር ማዶ አውሬ ጸጉር የተሠራ ነው።

አዲስ ሳለ ጉንጭ ይወጋ ነበር፤ የረጠበ ፍየል ሽታም ነበረው። አንድ ወር ያህል ጸጉሩን አራገፈና አቆመ። በዓመቱ ጫፉ ለሰለሰ፣ ሙቅ ውሃውን ይዞ መቆየት ተማረ።

“እንዲህ ያለ ብሩሽ፣” ይላሉ ጋሽ ጉግሳ፣ “በሳምንት አንዴ ከተነከረና ቁልቁል ተሰቅሎ ከደረቀ ሃያ ዓመት ያገለግላል። ሳይደርቅ በላይ በላዩ ከተነከረ ግን ሥሩ ይበሰብሳል።”

ሲላስ ደግሞ የሚላጨው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን ብሩሹ ጤና አጣ። አንድ ጠዋት ጋሽ ጉግሳ በር ላይ ቆመው ሳለ ሲላስ ሲያልፍ አዩት።

“መምህር፣ ቅዳሜህን ልታልፋት ነው?” ብለው ጠሩት።

ሲላስ ቆም አለ። የግድግዳውን ሰዓት አየት አደረገና ገብቶ ተቀመጠ። ውጭ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች እየተንጫጩ ያልፋሉ። ጋሽ ጉግሳ ከእጅጌው ላይ የጠመኔ ብናኝ አራገፉለትና ብሩሹን አወጡ። ሥሩ እርጥብ ነበር። አረፋውን ሲቀቡት ሦስት ጸጉር ጉንጩ ላይ ቀረ።

“ምነው ፊትህ እንዲህ ቀላ?”

“ቆዳዬ ስስ ሆኖ ነው ጋሼ።”

“ጺምህም ሳስቷል።”

“ዕድሜ ይሆናል፣” አለና ዐይኑን ጨፈነ።

በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው አማኑ መቀሱን ለአፍታ አቆመ። አማኑ ከዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ሰው ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ሲሠራ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ጋሽ ጉግሳ ግን የመቀሱን ዝም ማለት ልብ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ብሩሹን በወሰዱት ቁጥር እርጥብ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ሦስት፣ ኋላ አምስት፣ ኋላ ቁንጥር ሙሉ ጸጉር መራገፍ ጀመረ። አንድ ሰው በሌላ ደንበኛ ፊት ላይ እየተጠቀመበት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ደግሞ እሳቸውና አማኑ ብቻ። ሲላስም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም መሰል፣ ሰሞኑን በመንገዱ ማዶ ማለፍ ጀምሯል። እሳቸው ካልጠሩት አይሻገርም። ይህን ሲያስቡ ጋሽ ጉግሳ ፊታቸው በእፍረት ይግላል።

አንድ ቀን ከረጢቱን ቢፈልጉት ከቦታው የለም። የአማኑን መሳቢያ ሲከፍቱ ከፎጣዎቹ ሥር ተደብቆ አገኙት።

“ይኼ ምንድነው?”

አማኑ አንገቱን ደፋ።

“ዝምታ ለበግም አልበጃት። ማንን ላጨህበት?”

“ማንንም አልላጨሁበትም ጋሼ።”

“ታዲያ ማን ነው? እኔ ነኝ?”

አማኑ በመስታወቱ ውስጥ አያቸው። ሻይ የምታመላልሰው ኢልሃም ያዘዙትን ይዛ ገባች። ቀድሞ አምጥታው ሳይነካ የቀዘቀዘውን ብርጭቆ ምንም ሳትል አንስታ፣ አዲሱን አስቀምጣ ወጣች።

“እኔ ነኝ፣” አለ አማኑ በመጨረሻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። “ይቅር ይበሉኝ።”

ሽርጡን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዐይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አዩት። ‘ጥፋተኛ ማልቀስ ይወዳል’ አሉ በልባቸው።

በማግስቱ ጋሽ ጉግሳ መንገዱን ሲጠብቁ አረፈዱ። ሲላስ በማዶ ብቅ ሲል ራሳቸው ተሻግረው ክንዱን ይዘው አመጡት። ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፤ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰሩለት። ብሩሹን ግን ማንሳት አቃታቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ልጅ ሆኖ የላጩትን ሰው እንዲህ ባለ ነውር ይቅርታ መጠየቅ ከሞት አይተናነስም።

“መምህር፣” አሉ፣ “ቤቴ ውስጥ ነውር ተሠርቷል። አማኑ በብሩሽህ ሌላ ሰው ሲላጭበት ከርሟል። አንተ ከተጠቀምክበት በላይ አልቋል። ትናንት አባረርኩት። እኔንም ይቅር በለኝ።”

ሲላስ ቀና ብሎ አያቸው። የቆሰለው ጉንጩ ይበልጥ ቀላ።

“አማኑ ራሱ አደረግሁ አለ?”

“በአፉ አመነ።”

ሲላስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማ፤ እሱ ግን አልተነሳም።

“እንግዲህ እንዳመሌ ልላጭህና ትሄዳለህ፤ ቅዳሜ ነው፣ ምን ያስቸኩልሃል?” አሉ ጋሽ ጉግሳ።

ሲላስ እጃቸውን ያዘ፣ ሳያያቸው፦ “ጋሼ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ሰኞም የላጩኝ እርስዎ ነዎት።”