የልጅ ልጄ መንጋጋ እና ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት

«ዶክተር፣ ልክ እንደዚች ያድርጉልኝ።»

የልጅ ልጄ ናት እንዲህ ያለችው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ ሐኪሙ ገፋችለት።

«ማን ናት?» አላት።

«እናቴ። እኔን ወልዳ ሳትጠግበኝ ሞተች።»

እኔ አጠገቧ ነኝ። ከአውቶብስ ወርጄ ቀጥታ እዚያ… ሻንጣዬ እንኳ እግሬ ሥር ነው። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ ለኔ ዓይን ጥፍር አክሎ ነው የታየኝ፤ ምኑም አልተለየኝ።

ሐኪሙ አየት አደረገና…

«እህቴ፣ እኔ የምሠራው ጥርስሽ እንዲገጥም ነው። የታችኛውን መንጋጋ ቆርጬ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፣ በትንንሽ ብሎን አስረዋለሁ። ለሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው የምትወስጂው። ከንፈርሽ ሊደነዝዝ ይችላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ እንደደነዘዘ ይቀራል። ሌላ ሰው አድርጌ ላወጣሽ ግን አልችልም። አስቢበትና ተመለሺ።»

«አስቤ ጨርሻለሁ» አለች።

ልጆቼ… ይቺ ልጅ የታችኛው መንጋጋዋ ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው። ትምህርት ቤት «አካፋ» ነበር የሚሏት። ልጅ ሲባል ጨካኝ ነው መቼም!

አሁን ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት! ደንበኛው ሁሉ «ዛሬም ጉንፋኑ አለቀቀሽም?» እስኪላት ድረስ አፏን በማስክ ሸፍና ነው የምትውለው።

ክረምት ክረምት እኔ ጋ ስትመጣ «ቁርጥ እናትሽን!» እላታለሁ።

«ሂጂ እዚያ! እኔን ለማጽናናት ነው» ትለኛለች።

ለምን እንደማታምነኝ ግራ ይገባኝ ነበር…

ከሐኪሙ ወጥተን የሷንና የአባቷን ቤት የዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጥኩት። ልጄ ስትሞት አማቼ ሕፃኗን ይዞ ለሥራ ሩቅ ከተማ ገባ፤ እኔን ደግሞ መንገድ አይስማማኝም።

ሳሎን ገብቼ አረፍ አልኩ።

ቀና ስል… ግድግዳው ላይ አንዲት ሴት ቁልቁል ታየኛለች።

ትልቅ ፎቶ ነው፣ ከነፍሬሙ።

ዓይኗ የልጄ ዓይን ነው። ግንባሯ የልጄ ግንባር ነው። የጆሮ ጌጡን ራሴ ነኝ የገዛሁላት።

ከአፏ በታች ግን… ሌላ ሰው!

ቦታ ቀየርኩ፤ ተከተለችኝ። ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ማጅራቴን ታየኛለች። የማላውቃት ሴት… በልጄ ዓይን!

«ይቺ ማን ናት?» አልኩ።

የልጅ ልጄ ሳቀች። «እማምዬ፣ መነጽርሽን አድርጊ እንጂ! ልጅሽ ናት እኮ! ለሐኪሙ ያሳየሁት ይቺኑ ነው።»

«አይደለችም።»

«እንዴት አይደለችም?»

«የወለድኳት እኔ! አይደለችም አልኩሽ!»

አማቼ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቀና ብሎም አላየኝ።

«አንተ ልጅ… ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

ዓይኑን ወደ ፎቶው አነሳ።

«እማማ… ስትሞት በእጄ የቀረው የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። ፎቶ ቤት ወስጄ አሳድጉልኝ አልኩ። ሰውዬው ደግ ያደረገ መስሎት አገጯን አስተካከለው። ‹የሐዘን ፎቶ ስንሠራ ሁሌም ትንሽ እናሳምራለን› አለኝ።»

«ታዲያ አትመልስለትም ነበር?»

«ያኔ እንባዬ መች አሳይቶኝ! ይዤ መጥቼ ሰቀልኩት። ጉርዱም እዚያው ቀረ። ከዚያ በየቀኑ ሳየው ሳየው… እማማ፣ እውነተኛ ፊቷ ጠፋብኝ። ዛሬ ሚስቴን ሳስብ የምትመጣብኝ ይቺ ናት።»

ልጅቷ አልጮኸችም። አላለቀሰችም። እጇን አገጯ ላይ አደረገች…

«ስለዚህ የእናቴ አገጭ…»

«አዎ የኔ ልጅ። እሱ ነው። በእጅሽ ይዘሽዋል» አልኳት።

«እሷን ለመምሰል ብዬ… እሷኑ ላስቆርጣት ነበር!»

ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

«እማምዬ… ልተወው?»

ምን ልበል ልጆቼ? በዚህ ዓለም ላይ የቀረኝ የልጄ አገጭ እሱ ብቻ ነው። «ተዪው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ…

ምክንያቱም ልጄን አስታወስኳት። እውነተኛዋን። የፊት ጥርሷ አይገጥምም፤ ዳቦ በጣቷ ቆርሳ እንጂ ገምጣ አታውቅም። ስታኝክ መንጋጋዋ ቀጭ ይላል። ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ቁጭ ትልና «ደህና ነኝ እማዬ» ትለኝ ነበር። ደህና አልነበረችም።

«አንቺንስ ያምሻል?» አልኳት።

አሁን ነው እንባዋ የመጣው።

«ያመኛል። በጣም ያመኛል። ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም ስለ መልኬ ነው የሚያወራው።»

«እንግዲያው ለሕመሙ ብለሽ ግቢ። ለዚያች ሴትዮ ብለሽ ግን እንዳትገቢ!»

ከጥቂት ቀን በኋላ ተነስታ ሄደችና ሐኪሙን «ማንንም አያስመስሉኝ፤ ሕመሙን ብቻ ያንሱልኝ» አለችው።

ሊያስገቧት ሲሉ ኮሪደሩ ላይ ማስኳን አወለቀች።

«እማምዬ፣ ሁለታችንንም በደንብ እዪን» አለችኝ።

አገጯን በሁለት እጄ ይዤ አየኋቸው። በሩ ሲዘጋ ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ ሸኘኋት…

ዛሬ ድናለች። ሕመሙ ለቋታል። የከንፈሯ ጥግ ብቻ እንደደነዘዘ ነው። እናቷን አትመስልም። ግድግዳው ላይ ያለችውንም አትመስልም። ሌላ ሦስተኛ ሴት ናት።

ፎቶው አልወረደም። «አባቴ ሚስቴ የሚላት እሷን ብቻ ነው፤ ከወረደች ምን ይቀረዋል?» አለች።

እኔስ? አልዋሻችሁም… ከጓዳ ብቅ ስትል አንዳንዴ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» እላለሁ በሆዴ። ደስ እያለኝም፣ እየፈራሁም።

እና ልጆቼ፣ የሞተባችሁን ሰው አታሳምሩብን። ከነአገጩ፣ ከነጠባሳው ተዉት። ነገ አንድ ልጅ መጥቶ እዚያ ፊት ላይ ራሱን ይፈልጋል። ሕያው የሆነውን ደግሞ፣ ስለ መልኩ ከማውራታችሁ በፊት «ያምሃል ወይ?» በሉት።

እስቲ ንገሩኝ… እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ፣ የቀረላችሁን የእናታችሁን ፊት ለሕመማችሁ ስትሉ ታስቆርጡ ነበር? ወይስ ሕመሙን ችላችሁ ይዛችሁት ትኖሩ ነበር?