ያልደረቀ ኖራ

ወጣቱ የዩጎዝላቪያ ወታደር የኖራ ብሩሹን በሎይዜ መቃብር ላይ ሲጎትት፣ የሟቹ ሚስት ሽቴፋ አበባዋን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ነጩ መስመር የመቃብሩን ድንጋይ መሃል ለመሃል ከፈለው።

"ምን መሆንህ ነው አንተ?"

"አዲሱ ድንበር ነው፣ እማማ። ራስጌው ኢጣሊያ፣ ግርጌው የኛ። ከመስመሩ ማለፍ ክልክል ነው።"

"አገሩን ኦስትሪያ ስትገዛ ባሌን ወስዳ አዋጋችው፤ ዝም አልን። ኢጣሊያ መጥታ ስሙን በራሷ ቋንቋ ቀይራ ሎይዜን ሉዊጂ አለችው፤ ዝም አልን። እናንተ ደግሞ ሬሳውን ለሁለት ትቆርጡት ጀመር?"

"እኔ ምን ላድርግ? ታዝዤ ነው።"

"ሁሉም ታዝዞ ነው የሚመጣው!" አለችና መስመሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ወታደሩ "ይነሱልኝ" እያለ ቢለምናትም ጸሎቷን ሳትጨርስ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ እጇን ዘርግታ አበባውን ራስጌው ላይ አኖረችና ተነሳች። ከተቀመጠችበት ቦታ መስመሩ ጠፍቶ፣ በጥቁር የሐዘን ቀሚሷ መቀመጫ ላይ ታትሞ ነበር።

"እማማ፣ ቀሚስዎ!" አለ ወታደሩ ደንግጦ። "ይቆዩ፣ ላራግፍልዎ።"

"እንዳትነካኝ! ዛሬ ገበያ ነው፤ በመሃሉ ነው የማልፈው። ድንበራችሁን የት እንዳስቀመጥኩት ሰው ሁሉ ይየው!"