የወፍጮው ዘበኛ

ልብስ ሰፊዋ ዘበኛውን ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል። ዛሬም መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች በሩ ላይ ደረሰች።

«ልጄን እየገደልካት ነው።»

«እኔ ምን አደረግኳት፣ ልጄ?» አለ ሽማግሌው ዘበኛ።

«ይሄን መርዝ እየጠበቅክ ደሞዝ ትበላለህ። ሌላ ምን ልታደርግ?»

ከኋላው ያለው ፍርስራሽ ድሮ ወርቅ ያዘለ ድንጋይ እየተፈጨ ወርቁ በሜርኩሪ የሚለይበት ወፍጮ ነበር። ዛሬ የተረፉት ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች፣ የዛጉ የብረት መውቀጫዎችና አንድ ትልቅ የአፈር ክምር ናቸው። ወለሉ እንኳን የለም። ወፍጮው ሲዘጋ ሰፈርተኛው ነቃቅሎ ተቀራምቶታል።

«እኔ ዘመኔን ሁሉ እዚሁ ነው የማድረው» አለ ዘበኛው። «ይኸው፣ ጥርሴ እንኳን አልተነቃነቀም።»

«አንተማ ከብረቱ ጋር አብረህ ዝገሃል። ምን ይነካሃል?»

ትንሿ ልጇ እርሳስ መያዝ አቅቷታል። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ድዷ ይደማል፣ በትንሽ በትልቁ ትነጫነጫለች። ሐኪሙ «የሜርኩሪ መርዝ ነው» ካለ ወዲህ እናት ጥፋተኛውን ለመፈለግ ሩቅ አልሄደችም።

ደግሞም ማስረጃ አላት። ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ሄዳ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ከርማ፣ ጉንጯ ሞልቶ እጇ ጸንቶ ተመለሰች። ያኮረፈችው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አክስቷ ቤት ዶቃ የለም። የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና ቁልፍና ዶቃ ከየጥጉ መልቀም ለምዳለች። ቤቷ ከገባች በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ እጇ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ ጋ ትቅር አላልኩሽም?» አለቻት እህቷ በስልክ።

«ልጄንማ ከቤቷ አላባርርም። ያ መርዝ ይነሳ።»

ከአቧራው ለመከላከል መስኮቱን ዘጋች፤ ስንጥቁን ሁሉ በቁራጭ ጨርቅ ወተፈች። ልጅቷን ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘቻት። አልጋው አናጢ የነበረው የእናቲቱ አባት የሠራው ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ምስጥ የማይደፍረው። «እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል» እያለች ትኮራበታለች። ብርድ እንዳይነካት ብላም የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ከአልጋው ሥር አስገባችላት።

ከዚያ ሰፈሩን አንድ በአንድ አነሳሳች። ሥራዋን ትታ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ መጣ፤ ውሃውንም አፈሩንም ወሰደ። ውጤቱን ይዞ ሲመለስ ሰዉ ሁሉ ወፍጮው በር ላይ ተሰብስቦ ጠበቀው።

«ውሃው ንጹህ ነው» አለ። «ክምሩም ቢሆን ልጅ እንዲህ የሚያሳምም አይደለም።»

«ስንት አጎረሱህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ሜርኩሪው ይፈስ የነበረው መውቀጫዎቹ ሥር ነው። አብዛኛውን የጠጣው የወለሉ ሳንቃ ነው። እንጨት አንዴ ከጠጣው ለዘመናት አይለቀውም፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይተናል። እዚህ ግን ሳንቃ የሚባል ነገር የለም።»

«የሌለ ነገር ምን ያወራሃል? ሰበብ ፍለጋ ነው።»

ከመሬት ድንጋይ አነሳችና ወረወረች። ዘበኛውን ግንባሩ ላይ አገኘው። ሽማግሌው ደሙን በእጅጌው እየጠረገ «እግዜር ይማርልሽ» አላት። ይህም ይበልጥ አናደዳት።

እየተንቀጠቀጠች ቤቷ ገባች። የራሷ እጅ መንቀጥቀጥ የንዴት መሰላት። ክፍሉ ሞቋል። ልጅቷ ፍራሹን በአንድ በኩል ገልባ ሳንቃው ላይ በሆዷ ተኝታለች፤ በጣቷ አንድ ነገር እየገፋች ትስቃለች።

«እማ፣ ነይ እዪ፤ አልጋዬ ዛሬም የብር ዶቃ ወለደልኝ፣ ስይዛት ትሸሻለች።»