ግማሽ ኪኒን

ኪኒኗን በጥርሴ ለሁለት ገምሼ ግማሿን ለባሌ ለኮርሳ ስሰጥ፣ ግማሿን ለራሴ ስይዝ፣ ቤቴል በር ላይ ቆማ አየችኝ። ቤቴል የጓሮ ክፍላችንን የተከራየች ነርስ ናት፤ ከወላይታ የመጣች፣ ከጸሎት ቤት የማትቀር ልጅ። የግፊት መለኪያዋን በብብቷ ይዛ ባሌን ልትለካ ነው የመጣችው።

"እማማ ገላኔ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አታይም እንዴ? ቁርስ እያደልኩ ነዋ።"

አልሳቀችም። በርጩማውን ስባ ኮርሳ አጠገብ ተቀመጠችና ቆዩ፣ አትዋጡ፣ መጀመሪያ ልለካ አለች። ሁለታችንም ግማሻችንን በመዳፋችን ጨብጠን ቀረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ኮርሳን ጤና ጣቢያ ለኩትና ደም ግፊት አለብህ አሉት። ኪኒኑን ይዞ መጣ፣ ቁም ሳጥን ላይ ወረወረው። በየቀኑ ኪኒን የሚውጥ ወንድ ያበቃለት ነው አለ። ደግሞስ ምኔን አመመኝ፣ ይኸው የውሃ ሞተሬን አስነስቼ ጎመኔን አጠጣለሁ አለ። ታናሽ ወንድሙ ኢሉም ይህንኑ ነበር የሚለው። ምንም ሳያመው ወንዝ ዳር ወደ ጎመኑ ወርዶ በቃሬዛ ተመለሰ። ዛሬ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ ሚስቱ በማንኪያ ታጎርሰዋለች።

እኔ ልመና አላውቅበትም፤ የማውቀው ስድብ ነው። ስድብ ደግሞ ኮርሳን ኪኒን አያስውጠውም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ራሴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና እኔም ግፊት አለብኝ አልኩት። ከአንድ ገበታ እየበላን አንተን የያዘ እኔን ሊምረኝ ነው? ያቺን ኪኒን አውርዳትና እንካፈል። አዘነልኝ። ለራሱ ያልዋጠውን ለእኔ ብሎ ዋጠ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንካፈላለን። ግማሽ ከምንም ይሻላል ብዬ ነው።

ቤቴል የኮርሳን ክንድ በጨርቁ ጠቅልላ ነፋች። አየሩን ስትለቅ ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ፊቷ ደስ አላለኝም። ትንሽ አሳርፋ ደግማ ለካችው።

"የላይኛው መቶ ሰባ፣ የታችኛው መቶ" አለች።

እየዋጠ ለምን አይወርድም ብዬ ጮህኩባት፣ ከፍ ያደረገችው እሷ ይመስል። በግማሽ አይወርድማ፣ አለችኝ። ሐኪም ለአንድ ሰው ልክ አድርጎ ያዘዘውን ለሁለት አይበሉትም። ኮርሳ ግን ምንም አይሰማኝም እያለ እጅጌውን ያወርዳል።

"አባባ፣ ሞተሩ ውሃውን ከልክ በላይ ሲገፋው የውሃ ጎማው ምን ይሆናል?" አለችው።

"ይተረተራል።"

"ከመተርተሩ በፊት ይጮሃል?"

ኮርሳ እጅጌውን ማውረዱን ተወ። ከዚያ "አይጮህም" አለ።

የሰው ደም ሥርም እንደዚያው ነው፣ አለች። ራስ ምታት የሚጠብቅ ሰው ይቀደማል። የሚያውቀው መለኪያው ብቻ ነው፤ ለዚያ ነው ቶሎ ቶሎ የሚለካው። ነገ ጠዋት ይዤዎት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ አለችው። ኮርሳ እሷም ግፊት አለባት ሲላት ወደ እኔ ዞረች።

እኔ እንኳን ደህና ነኝ፣ ሥራ አለብኝ፣ የቀሚሴ እጅጌ ጠባብ ነው አልኩ። ጠቀስኳት። ልጅቱ ጥቅሻ አይገባትም። ይህች ልጅ ጤነኛ ነሽ ካለችኝ ሰውዬው ኪኒኑን መልሶ ቁም ሳጥን ላይ ሊወረውረው ነው፤ ከዚያ የኢሉ ቃሬዛ ወደ እኔ ደጅ ይዞራል። እሷ ግን እጅጌዬን ሰብስባ ጠቀለለችኝ። ጨርቁ ክንዴን ሲያንቀው እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

"መቶ ሃያ በሰማንያ። እማማ፣ ግፊት የት ነው አለብዎት ያሉዎት?"

ኮርሳ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደ ልማዱ በልጃችን ስም ጠራኝ።

"የሞልቱ እናት፣ ማን ለክቶሽ ነበር?"

"ማንም።"

"ታዲያ ያን ጠዋት ራስሽን ያሰርሽው ለምን ነበር?"

"አንተን ማሰር ቢያቅተኝ ነዋ።"

ቤቴል ያን ጊዜ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የእኔም ልኬት ግማሽ ኪኒን እየዋጥኩ የተወሰደ ስለሆነ አይታመንም አለች። ከዛሬ ጀምሮ እንድተወው፣ ሳምንት ደግማ እንደምትለካኝ፣ ጤነኛ ብሆን እንኳ ሰው በዚህ ዕድሜ እየተለካ እንደሚኖር ነገረችኝ። ኮርሳ አልሰማትም። መዳፉ ላይ ያለችውን ስባሪ እያየ ነበር።

"ብቻዬን ነበርኩ በይኛ" አለ።

ይህን ድምፁን እናቱን ስንቀብር እንኳ አልሰማሁትም። የለመድኩትን ስድብ ትቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

"መለካቱን አብሬህ እለካለሁ" አልኩት። "በየሳምንቱ፣ እዚሁ ከጎንህ ተቀምጬ። መዋጡን ግን አንተው ዋጠው። የኢሉን ሚስት አይቻታለሁ፤ እኔ ማንኪያ አልይዝልህም።"

ዋሸሁ። እስክሞት እይዝለታለሁ። እሱም ያውቃል መሰለኝ፣ ጢሙ ውስጥ ትንሽ ፈገግ አለ።

ጭብጤን ፈታሁና የኔን ግማሽ መዳፉ ላይ፣ ከሱ ግማሽ አጠገብ አኖርኩለት። ቤቴል ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ሁለቱንም አንድ ላይ ምላሱ ላይ አደረገ፤ ብርጭቆውን ሲያነሳ ዓይኑ ከእኔ ላይ አልተነሳም። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል፣ እኔም በባዶ አፌ አብሬው ዋጥኩ።