ከድርቆሹ ክምር ጀርባ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አያ ይሻው፣ ልጃቸው ደሳለችና አዲሱ ባሏ ተስፋነህ ጋፋት ባለው በረት ውስጥ ቆመው ነበር። ለሙሽሮቹ የጎጆ መውጫ የሚሆን አንድ ከብት ሊመረጥ ነው። አያ ይሻው አገር የሚያደንቃትን ጥቁር ጊደር በገመድ ይዘዋል። «ምረጪ እንግዲህ፣ ልጄ» አሏት፤ ገመዱን ግን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

ደሳለች የጊደሯን ግንባር አሻሸች። «ታምራለች፣ አባዬ። ግን የገሳዩ ቤታችን ጓሮ ለእሷ የሳምንት ቁርስ ናት። ከዚያ ወዲያ እኛን ስታይ ልትውል ነው።» ተስፋነህ ጠጋ ብሎ፣ «ጊደር ትታ ሄደች ሲባል ሰው ምን ይለናል?» አላት በሹክሹክታ። «ሰው ድርቆሽ ያመጣልናል?» አለችና ዓይኗን በበረቱ ዙሪያ አዞረች። «ያቺ በየዓመቱ መንታ የምትወልደው በግስ የት አለች?»

«እሷማ አርጅታለች፤ ምን ታደርግልሻለች?» አሉ አያ ይሻው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው። ደሳለች ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ዞረች። በጓ በአጭር ገመድ ታስራ፣ ገብስ በቁና ቀርቦላት ትበላ ነበር። ለአረጀች በግ ደግሞ ማንም ገብስ አያቀርብም። ደሳለች የበጓን አፍ ከፍታ ጥርሷን አየች፤ አንድም አልወለቀም። ቀና ስትል አባቷ ቆመው ያይዋታል። የተያዘ ሌባ ይመስላሉ፤ ፊታቸው ግን በኩራት በርቷል። «አየህ ተስፋነህ» አሉ፣ «ይቺን ልጅ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የሚያታልላት የለም። እኔም አልቻልኩም።» የጊደሯንም ገመድ መልሰው ከግንዱ አሰሩት።

በጓን ወደ ገሳይ በሚሄድ አይሱዙ ጫኗት። ሰኔ ላይ መንታ ወለደች።